የአንጓች አውራ ጣት

በቁልቋል በር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚኖረው የመድኃኒት መጽሐፍ ህዳጉ ሁሉ የጣት አሻራ ነው። በየዓመቱ ከመስቀል ማግስት ረፋዱ ላይ ከግቢው ዋርካ ሥር አትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ስሕተት አየሁ የሚል ሁሉ፣ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም፣ ይቆማል፤ ያየውን በሰው ፊት ይናገራል፤ ሌላ ሰው ፈትኖ እውነት ነው ካለለት አውራ ጣቱን በጭቃ ነክሮ ህዳጉ ላይ ያትማል፣ ቃሉም ከሥሩ ይጻፍለታል። የቀድሞው ጽሑፍ ግን አይፋቅም። ይህን ልማድ ያመጣችው ሸክላ ሠሪዋ አንጓች ናት ይባላል፤ ያመጣችውም ከፍርሃት ብዛት ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት በዚያ ዘመን መጽሐፉን ከመሪጌታ ክንፉ በቀር የሚነካው አልነበረም። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ «አንዲት ፊደል የጨመረ ወይም የቀነሰ የተወገዘ ይሁን» የሚል ግዝት ተጽፎበት ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የሚያድነውን መጽሐፍ እንደ እባብ ይፈራው ነበር። መጽሐፉ ለኮሶ «አንድ ዋንጫ» ይላል፤ ዋንጫውም ከመጽሐፉ ጋር የኖረ የቀንድ ዋንጫ ነበር። የዋንጫው ከንፈር ሲሰነጠቅ መሪጌታ ለአንጓች ሰጧትና፣ በዚሁ ልክ የሸክላ ዋንጫ እንድትሠራ አዘዟት።

ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይቀንሳልና አንጓች ከልኩ አስበልጣ ሠራችው። የዚያ ዓመት አፈር ግን እንደ ወትሮው አልቀነሰም። ከእሳት ስታወጣው መብለጡን ዓይኗ አይቷል፤ «ማን ይለካዋል» ብላ ሰጠች፤ አሮጌው ቀንድም ሳይጠየቅ እሷው ዘንድ ቀረ።

በዓመቱ ሁለት ሰዎች ኮሶ ጠጥተው ሞቱ። አገሬው ቡዳ በላቸው አለ፤ ቡዳ ሲባል ደግሞ ዓይን ሁሉ የሚዞረው ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ነው። አንጓች ነገሩ ገባት፤ ገብቷትም ዝም አለች። ብትናገር በድንጋይ እንደሚወግሯት ታውቃለች፤ ዝም ስትል ደግሞ የምትነካው ጭቃ ሁሉ የሬሳ ያህል ይቀዘቅዛት ነበር ይባላል።

በዚያ ዋንጫ ለመጠጣት ሦስተኛዋ ተረኛ የመሪጌታ ክንፉ አንድያ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ስኂን ሆነች። ልጅቱ ኮሶ የምትጠጣበት ጠዋት ሰው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ፣ መሪጌታ አንብበው፣ ዋንጫው ተሞልቶ ሳለ አንጓች ቀንዱን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

«መሪጌታ፣ ልጅቱ አትጠጣ።»

«ከመጽሐፍ ልትበልጪ ነው?»

«ሁለቱን በልታ ሳትጠግብ ቀረች እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ፤ የሣቀ ግን አልነበረም።

«ዋንጫው ይበልጣል» አለች። «የሠራሁት እኔ ነኝ። መብለጡንም አውቄ ነው የሰጠሁት።»

ይህን ስትል ሰዎች ለድንጋይ ጎንበስ አሉ ይባላል። እሷ ግን የቀንዱን ስንጥቅ በሰም ደፍና ነበርና አቀረበችው፤ መሪጌታ ኮሶውን ወደ ማድጋው መልሰው ዋንጫውን ውኃ ሞሉት፤ ከዚያም ወደ ቀንዱ ቀዱ። ቀንዱ ሞልቶ ፈሰሰ። ውኃው በእግራቸው ሥር ወረደ። የሸክላው ዋንጫ ገና ከግማሽ በላይ ነበረው።

«አባዬ፣ ኮሶውን ልጠጣው ወይስ ልተወው?» አለች ስኂን።

መሪጌታ ዋንጫውን መሬት አስቀመጡ። ብዕር አንሥተው መጽሐፉን ሊያርሙ ቢሉ ግዝቱ ትዝ አላቸውና ብዕሩን መልሰው አኖሩት።

«ልኩን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ምልክት አድርጊበት፣ እኔ ከሥርሽ እጽፋለሁ። ከተወገዝንም አብረን» አሏት።

አንጓች ፊደል አታውቅም። አውራ ጣቷን በፈሰሰው ውኃ የራሰው ጭቃ ላይ ነክራ «አንድ ዋንጫ» ከሚለው ጎን አተመች። መሪጌታም «ይህ በቀንዱ ነው፤ በሸክላው ግን ከግማሽ በታች» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ጻፉ።

ሰባት ቀን አገሬው እጇ ሲሰልል ሊያይ ጠበቀ። በሰባተኛው ቀን እንስራ ስትሠራ አገኟት። ከዚያ ወዲህ ሌላውም እየፈራ መጣ፤ አንዱ ስለ መተሬ፣ አንዱ ስለ እንቆቆ መድኃኒት ያየውን ተናገረ፤ ህዳጉም ሞላ። አንጓችን ግን እስክትሞት ድረስ ወደ ማዕዱ ያቀረባት አልነበረም። እጇን ሰባት ቀን ያየ አገር ፊቷን አላየም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ያ የመድኃኒት መጽሐፍ አምና በማተሚያ ታትሞ ካለሁበት ድረስ ስለ ደረሰኝ ነው። ያሳተሙት ሊቃውንት በመቅድማቸው «የዋናውን ንጽሕና ለመጠበቅ በዘመናት ብዛት የተከማቸውን እድፍ ትተናል» ብለዋል። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ህዳጉ ነጭ ነው። ብራናው ስላረጀ ዘንድሮ ዋርካው ሥር የተዘረጋው ይኸው የታተመው ነው አሉኝ። ጭቃ ያበላሸዋል ተብሎም በመስታወት ተሸፍኗል።

የኮሶውን ገጽ ገለጥሁት። «አንድ ዋንጫ» ይላል።