የአቶ ይልቃል ታንከር

አቶ ይልቃል ቤት አከራይ ናቸው። የግቢያቸውን የውሃ ታንከር ክዳን ነፋስ ከወሰደው ከርሟል፤ እርግቦችም ገላ መታጠቢያ አድርገውታል። ምላሰኛዋ ተከራይ ትርፌ፣ «ታንከሩ ይታጠብ፣ ይከደን፤ ልጆቻችን በሆድ ሕመም አለቁ» እያለች ብትወተውታቸው ተቆጡ። ተከራዮቹን ሁሉ ሰብስበው ከታንከሩ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዱና፣ «በይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጠጪው! እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ቤቴን ለቀሽ ውጪ!» አሏት።

ትርፌ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እኔ ብቀድም ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይቅመሱልኝ» ብላ መልሳ ዘረጋችላቸው።

አቶ ይልቃል ብርጭቆውን አተኩረው አዩት። አንዲት ቀጭን ትል ትዋኛለች።

«እኔ እንኳ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

«ደግ ነው ጋሼ» አለች ትርፌ፤ «ታንከሩ እስኪታጠብ ሁላችንም አብረንዎት እንጾማለን።»