የእንቅልፍ ዕቁብ

በአንድ ወቅት፣ ሐኪሙ ከበሽተኛው ብሶ በደከመበት ወቅት፣ በአንዲት ቆላ ከተማ ሆስፒታል ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። ናሁሰናይ ሆድ ቀዶ ይሰፋል፤ አንማው ሕፃናት ያክማል፤ ትርሲት ታዋልዳለች፣ ምጡ ሲጠና እሷም ቢላ ትይዛለች። ሦስቱም እንቅልፍን የሚያውቁት በወሬ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አንማው ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ አንቀላፋ።

«ቆሜ የምውለው እኔ፣ የሚተኛው እሱ!» አለ ናሁሰናይ።

አንማው ባነነ። «አንተስ በሽተኛህን አደንዝዘህ ነው። የኔዎቹ ይጮኹብኛል፤ እናቶቻቸው ደግሞ ይብሳሉ።»

ትርሲት ሳቀች። «የናንተ ነፍስ አንድ አንድ ነው፤ የኔ ሁለት ሁለት። ይልቅ ዕቁብ እንጣል።»

የምን ዕቁብ? የእንቅልፍ! ሁሉም የእረፍት ቀኑን ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት ሳምንት ሙሉ ይተኛል፣ ተረኝነቱን ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ዕቁብ ያለ ዋስ አይቆምምና ዋናውን ሐኪም ዶክተር ዘርጋውን ዋስ ጠሩ። እሳቸውም «አንዱ ቢጎድል እኔ አለሁ» ብለው ደረታቸውን መቱ። ደረት መምታት እንኳ ይችሉበታል።

ዕጣው መጀመሪያ ለናሁሰናይ ወጣ። አንማው ቢላ አይዝምና ትርሲት የሱንም የራሷንም ተሸክማ ጠበቀችው። ሳምንቱ አለቀ፣ ሰውየው የለም። ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል ተባለ። በርበሬ ቸርቻሪ እንኳ ዕቁብ በልቶ ቢጠፋ ሁለተኛ ገበያ አይወጣም!

ትርሲት ወደ ዋሷ ሄደች። «ዶክተር፣ ቃልዎ ነው፤ ይግቡልኝ።»

«ልጄ፣ ቢላ ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ ገብቼ ሰው ልግደል?»

እውነታቸውን ነው። ዋስ ሲሆኑስ ይህን አያውቁም ነበር?

ስለዚህ የሁለት ሰው ሥራ በሷ ትከሻ ላይ ቀረ። ከዕለታት አንድ ቀን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያየው አንማው ብቻ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገር፤ ዕጣዬ እስኪደርስ ነው» አለችው።

«ምን በወጣኝ! እህቴ አይደለሽ?» አላት።

በማግስቱ ዶክተር ዘርጋው ጠርተው ከቀዶ ክፍል አወጧት። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል አሉ።» ማን አለ ብላ አልጠየቀችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ቤቷ ገባች፣ ተጋደመች፤ ግን የተባረረ ሰው ይጋደማል እንጂ መቼ ይተኛል? አልጋው እሾህ ሆነባት።

ናሁሰናይ መሸኛ ወረቀቱን ሊወስድ ብቅ ማለቱን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሦስቱንም ከዶክተር ዘርጋው ቢሮ አገኘቻቸው።

«ዕቁቤን ጥያለሁ» አለች። «እንቅልፌን ወዲህ በሉ።»

«ትርስዬ» አለ ናሁሰናይ፣ «እንቅልፍ ስጠግብ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? የሰው ሆድ ከፍቼ ቆሜ ማንቀላፋቴ። ብመለስ ወይ በሽተኛው ይሞታል፣ ወይ እኔ።»

«ታዲያ ይህን ለኔ ማን ይንገረኝ?»

አንማው አንገቱን እንደደፋ፣ «ዝም ብል አንዲት እናት እጅሽ ላይ ትቀር ነበር። ይኸው፣ ዕጣዬ ያንቺ ይሁን» አለ።

«አዋርደህ አስተኝተኸኝ አሁን ትራስ ታቀብለኛለህ?»

ዶክተር ዘርጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዋስነቴን አልተወጣሁም፣ አልክድም። ግን ሰው ገድለሽ ቢሆን ዳግም ቢላ ትይዢ ነበር? ስምሽን አዳንኩልሽ።»

ትርሲት የሚንቀጠቀጠውን እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አልደበቀችውም። ሦስቱም ሌላ ሌላ አዩ።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ለመፍረድ አፋችሁ አይቦዝንምና ፍረዱ። አንዱ በልቶ ጠፋ፣ አንዱ ዋስ ሆኖ ሸሸ፣ አንዱ አደራ ተቀብሎ ተናገረ፤ ሁሉም ነፍስ ለማዳን ነው ይላሉ። የትርሲትን እንቅልፍ ማን ይክፈል?