ጾም ያወጀው አውራ ዶሮ

ተረት አለኝ፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ነውና ጠጋ በሉ።

በአንድ አገር ወፎች ለክረምት የሚሆን እህላቸውን በአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። አለቃቸውና ጠባቂው ቁራ ነበር። ክረምቱ ሳይጋመስ ቁራ እህሉን ሊጨርሰው ደረሰ። ወፎቹ "ራበን" እያሉ ማጉረምረም ሲጀምሩ አዋጅ ነጋሪውን አውራ ዶሮ አስጠራው።

"ድምፅህ ያምራል" አለው። "'ረሃብ' የሚለው ቃል ግን ከአፍህ እንዳይወጣ። ጾም ገብቷል በላቸው። ከዛሬ ጀምሮ በየማለዳው እፍኝ ማሽላ አለህ።"

አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጣ።

"የተከበራችሁ ወገኖቼ! ታላቅ ጾም ገብቷል! የምንጾመው ለአገራችን ነው፤ ራበኝ የሚል ጾም ገዳፊ ነው!"

ወፎቹ በማጉረምረማቸው አፈሩ። አንገታቸውን ደፍተው ወደየጎጇቸው ገቡ።

በሳምንቱ እርግብ ከስታ መጣች።

"አያ አውራ ዶሮ፣ ልጆቼ እንዳልከው በርትተው ጾመዋል። ትንሹ ግን ዛሬ መቆም አቃተው። መቼም የማይፈታ ጾም የለም፤ የሚፈታበትን ቀን ንገረኝና ላጽናናው።"

አውራ ዶሮ "ነገ" ሊላት አፉን ሲከፍት አንዲት የማሽላ ፍሬ ከመንቁሩ መሬት ላይ ወደቀች።

እርግብ ፍሬዋን አየች፤ ቀና ብላም እሱን አየችው። ፍሬዋን አንስታ ወደ ልጇ በረረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አውራ ዶሮ ሲጮህ ዓይኑን ይጨፍናል።

ተረቴ አለቀ። ለእኔ ያሰባችሁትን ዳቦ ለእርግብ ልጆች ስጡልኝ።