የሚንቀጠቀጥ እጅ

አንድ ኦፕሬተር ነበረ። ሰው በማይደፍረው ጠባብ ዋሻ የምትገባ ትንሽ ሮቦት ይነዳ ነበር። ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ የሚያወጡ ቆፋሪዎች አፈር ሲናድባቸው፣ እሱ ውጭ ተቀምጦ በጆይስቲክ፣ በእጅ በሚገፋ መንጃ ዘንግ፣ ሮቦቷን ወደ ውስጥ ይልካታል፤ እሷም የአየር ቱቦና ውኃ ታደርሳለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ከእሱ ሌላ ነጂ አልነበረም። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳለት ነበር።

በዐሥረኛው ዓመት አንዲት ሴት ሁለተኛ ነጂ ሆና ተቀጠረች። የየራሳቸው ጆይስቲክ ተሰጣቸው። በእሱ እጅ ሮቦቷ እንደ ፌንጣ እየዘለለች ነበር የምትሄደው፤ ከታሰበበት መድረሷ ስላልቀረ ግን ማንም ነውር አላለውም። በሴቲቱ እጅ እንደ ዘይት ፈሰሰች። አንድ ቀን አለቃቸው በሮቦቷ ጀርባ ላይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ውኃ አስቀመጠ። ሴቲቱ በጠጠር ላይ ወስዳ ጠብታ ሳይፈስ መለሰችው። «የዚች ልጅ እጅ የተባረከ ነው!» ብለው አጨበጨቡላት።

እሱም አጨበጨበ። ጥርሱ ሲስቅ ሆዱ አረረ። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሲበሉ እንኳ ዓይኑ ከጣቶቿ አይነሳም ነበር። ጉርሻ ስትጠቀልል ያያቸዋል፣ ፀጉሯን ስታስር ያያቸዋል። «ከእኔ ጣቶች በምን ይበልጣሉ?» ይላል በልቡ። ስሟ ሲጠራ ጆሮው ይቆማል።

አንድ ጠዋት ጆይስቲኳን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ቁጥር ስትለውጥ አያት። «ለካስ ነገሩ እዚህ ነው! ለራሷ ጉልበት ጨምራ ነው» አለ። ምሳ ስትወጣ ጠብቆ ጆይስቲኳን ወሰደና ሞከረው። በጥቂቱ ሲገፋው ሮቦቷ ንቅንቅ አላለችም። ጨመር ሲያደርግ ቀስ ብላ ተሳበች። የሮጠችው እስከ ጥግ ሲገፋው ብቻ ነው። ሴቲቱ ጉልበት አልጨመረችም፤ የመነሻውን ጉልበት ቀንሳ ኖሯል። ሊገባው በተገባ ነበር፤ ቅናት ግን ማስተዋልን ይጋርዳል። «በዚህ ሽባ ነገር ነው የምትመሰገነው?» ብሎ ያስገባችውን የቁጥር ማስተካከያ አጠፋው። ጆይስቲኩንም ልክ እንደ ራሱ፣ ገና ሲነኩት የሚያስፈነጥር አድርጎ ከቦታው መለሰው። ያሰበው አንዴ በሰው ፊት እንድታፍር ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንድ ቆፋሪ ዋሻ ተደረመሰበት። ተረኛዋ ሴቲቱ ነበረች። ጊዜ ስላልነበረ ጆይስቲኩን ሳትሞክረው ሮቦቷን አስገባች። ገና ስትነካው ሮቦቷ ተወርውራ ግድግዳውን መታች። ድንጋይ ወረደ። በሮቦቷ ማይክ የቆፋሪው ድምፅ ተሰማ፦ «ኧረ በፈጠራችሁ ቀስ በሉ! አፈሩ ደረቴ ላይ ደርሷል!»

ሴቲቱ እጇን አነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እጄ ከዳኝ። ልገድለው ነው። እርስዎ ይንዱት» ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት።

ሲመኘው የከረመው ይኸው ነበር። ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ እሷም መሸነፏን በገዛ አፏ ተናግራለች። ተቀመጠ። እጁን ወደ ጆይስቲኩ ሰደደ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ ባልሰጠው። አሁን ግን እያንዳንዷ መንቀጥቀጥ ድንጋይ ሆና በሰውየው ላይ እንደምትወርድ አወቀ። ሳይነካው ተነሳ።

«እጅሽ አልከዳሽም» አላት። «የከዳሁሽ እኔ ነኝ። ማስተካከያሽን ትናንት አጥፍቼዋለሁ። ቶሎ ብለሽ መልሺው።»

 ከተሰበሰበው ሰው መካከል የቆመችው የቆፋሪው ሚስት አፏን በመዳፏ ይዛ ትኩር ብላ አየችው። ሴቲቱ ቁጥሮቹን በቃሏ ታውቃቸው ስለነበር መልሳ አስገባቻቸውና ተቀመጠች። እሱ ከጎኗ ቆሞ እንደ ልማዱ ጣቶቿን አየ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ከእሱ ጣቶች ብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሮቦቷ ግን አልተንቀጠቀጠችም፤ ትንሹን የእጅ መንቀጥቀጥ ማስተካከያው ይውጠው ነበር። በድንጋዩ መካከል እየተሳበች ሄዳ ቱቦውን ከቆፋሪው አፍ አጠገብ አደረሰች። ሰውየው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነሕይወቱ ወጣ።

ኦፕሬተሩ ከነጂነት ተነሥቶ ቱቦ ጎታች ሆነ። በመንገድ ሲያልፍም የሚነሳለት አልነበረም። ሴቲቱ ዓመት ሙሉ ሰላም አላለችውም፤ እሱም አልፈረደባትም። ስትመሰገን ሆዱ እንደ ድሮው ያርር ነበር። እጁን ግን ወደ ዕቃዋ ዳግመኛ አልዘረጋም።

እንግዲህ ዓይናለም፣ «ጓደኛዬ ተመርጣ እኔ ስቀር ልቤ ተቃጠለ፤ ክፉ ሰው ሆኜ ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም። ቅናትም እንደዚያ ያለ መንቀጥቀጥ ነው፤ የአንቺን ልብ ብቻ ሳይሆን የእኔን የመምህርሽንም ይነካዋል። ያቺ ሴት እጇን ማጽናት ቢያቅታት፣ መንቀጥቀጧ ወደ ሮቦቷ እንዳያልፍ አደረገች። አንቺም በልብሽና በእጅሽ መካከል እንዲሁ አድርጊ። ልብሽ በትንሹ በተነካ ቁጥር ምላስሽ አይፈንጠር፣ እጅሽም አይወርወር። አሁን ጓደኛሽ ዘንድ ስትሄጂ ሆድሽ ያርር ይሆናል። ይረር። አንቺ ግን «እንኳን ደስ ያለሽ» በያት።