ጠረጴዛው በማን ክንድ ይለካ?

አንዲት የአልጋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስሟ የሻረግ ይባላል። ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች፣ ቀዩን ከቢጫው፣ አበባማውን ከመስመራሙ እየገጣጠመች የምትሰፋው የአልጋ ልብስ ዓይን ይይዛል። የሰፈሩ ሰው ግን ሥራዋን «ድሪቶ» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሷም ዓይን አፋር ስለሆነች መልስ አትሰጥም። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿም ከቁመቷ አይበልጥም።

የምትሠራው መሬት ላይ ነበር። ሰሌን አንጥፋ፣ ተንበርክካ ትቆርጣለች። የእጅ ስፌት መኪናዋን ደግሞ አሮጌ ሣጥን ላይ አስቀምጣ፣ ጎብጣ ትሰፋለች። ከሥራ የምትነሣው ግድግዳ ተደግፋ ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ባንድ ላይ መጣ። ታናሽ እህቷ ስመኝ ለጥር ልትዳር ሆነ። ጓሮ ያለውን ክፍል የያዘው ተከራይም ለቀቀ። የሻረግ በባዶው ክፍል መሐል ቆማ ሰፊውን መስኮት ስታይ ልቧ ዘለለ። ክፍሉን በእርምጃ ለካችው፤ ከዚያም ደግማ ለካችው።

«እዚህ ቆሜ እቆርጣለሁ! እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እሰፋለሁ!» ብላ ጮኸች፤ የገዛ ድምጿም አስደነገጣት።

ለስመኝ የምትሰፋው የሙሽራ አልጋ ልብስ እንደ ሌላው አልነበረም። እናታቸው ስትሞት የተወችላቸው ሰባት ቀሚሶች ነበሩ፤ ልብሱ ከነዚያ እንዲወጣ እህትማማቾቹ ተስማምተዋል። ሌላ ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የእናትን ቀሚስ የሚሸጥ ሱቅ ግን የለም። ስለዚህ የሻረግ መሬት ላይ ተንበርክካ መቀስ ልታሳርፍባቸው አልደፈረችም። ጠረጴዛ ያስፈልጋታል።

ግን ምን ዓይነት ጠረጴዛ? አንድ ትልቅ፣ ለሁለቱም ሥራ የሚሆን? ወይስ ሁለት? ሲጨንቃት ቁርጥራጭ የምትለቅም መስላ ወደ ይርጋ ሱቅ ሄደች። ይርጋ የከተማው ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። ቆሞ የሚቆርጥበት አንድ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ተቀምጦ የሚሰፋበት አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለው። የሻረግ ሁለቱንም ስታይ ምራቋን ዋጠች።

«ጋሽ ይርጋ፣ እነዚህ ስንት ክንድ ይሆናሉ?»

ይርጋ ረጅም ክንዱን ከወለሉ ጀምሮ ዘረጋና ለካ። «የመቁረጫው ሁለት ክንድ፤ የመስፊያው አንድ ክንድ ተኩል። ምነው? ድሪቶም በጠረጴዛ ይሰፋ ጀመር እንዴ?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የሻረግም አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ለራሷ ማለች። ልክ እንደሱ ያለ ጠረጴዛ ይኖራታል፤ ያን ጊዜ ማን ድሪቶ እንደሚል እናያለን!

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሽማግሌው አናጢ ወደ ጋሽ ላቀው ቤት ገሰገሰች።

«ጋሼ፣ ሁለት ጠረጴዛ ይሥሩልኝ። የመቁረጫው ሁለት ክንድ፣ የመስፊያው አንድ ክንድ ተኩል ከፍታ ይኑረው።»

«በማን ክንድ?» አሉ ጋሽ ላቀው።

«በጋሽ ይርጋ ክንድ ነዋ!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «ልጄ፣ የሱን ጠረጴዛዎች የሠራሁት እኔ ነኝ። ራሱን አቁሜ ለክቼ ነው የሠራሁት። አንቺንስ ልለካሽ?»

«ኧረ አይሆንም! ልክ እንደሱ ነው የምፈልገው። አንዲት ጣት እንዳትጎድል።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ላቀው ፈገግ ብለው። «ደግነቱ የእንጨት እግር ቢረዝም ይቆረጣል። አጥሮ የቀረ ነው የማይቀጠለው።»

ጠረጴዛዎቹ የመጡ ዕለት ሰፈሩ ሠርግ መሰለ። ሴቶቹ ከየደጃቸው ወጥተው «የሻረግ ሙሽራ ገባላት!» እያሉ በቀልድ እልል አሉ። ከዋንዛ የተሠራ፣ ገና የእንጨት ሽታው ያልለቀቀው የመቁረጫ ጠረጴዛ ከክፍሉ መሐል፣ የመስፊያውም መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። የሻረግ በመዳፏ ደባበሰችው፤ ዞረችው፤ እንደገና ዞረችው። ከዚያ መቀሷን ይዛ ቀረበች።

ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ደረሰ። ክንዶቿ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ላይ ተሰቀሉ።

«ይለመዳል» አለች ለራሷ። ዱካ አመጣችና ወጣችበት። የእናቷንም ሰማያዊ ቀሚስ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች።

ስመኝ በሩ ላይ ብቅ ስትል ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «እትዬ፣ እየቆረጥሽ ነው እየሰበክሽ? ስብከት ከሆነ ነጠላዬን ይዤ ልምጣ!»

«ሂጂ፣ አታስቂኝ!» አለችና የጨርቁን ወዲያኛ ጫፍ ልትይዝ ተንጠራራች። ዱካው ተንገዳገደ። እንዳትወድቅ ጠረጴዛውን ስትይዝ መቀሱ በቀሚሱ መሐል አግድም ሄደ።

ስመኝ ቀስ ብላ የተቀደደውን አነሣች።

«የእማዬ የጥምቀት ቀሚስ ነው» አለች።

የሻረግ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ጋሽ ላቀው ሮጠች። እንባዋ ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ይለኩኝ።»

ሽማግሌው መጋዛቸውን ይዘው መጡ። ወለሉ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሟት። ክርኗን አጠፉና ከወለሉ እስከ ክርኗ በሸምበቆ ለኩ፤ ከዚያ አንድ ጋት ዝቅ ብለው ምልክት አደረጉ። ወንበሯ ላይ አስቀምጠውም እግሯ መሬት መንካቱን አይተው እንደገና ለኩ። የሻረግ የሰውን ሁሉ አልጋ ስትለካ ኖራለች። እሷን ግን ለክቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሷም ጭምር።

መጋዙ ስምንት ጊዜ ሄደ። ከሁለቱ ጠረጴዛዎች እግር ስምንት ጉማጅ ወደቀ።

«በይ አሁን ቅረቢ» አሏት።

ቀረበች። ትከሻዋ ወረደ፤ እጆቿ ጠረጴዛው ላይ አረፉ። ወደ መስፊያው ሄዳ ተቀመጠች፤ ወገቧ ቀና እንዳለ የመኪናውን እጀታ አዞረች። ተነሣች፤ ወደ መቁረጫው ተመለሰች። «ጋሼ! ጋሼ፣ ያውቀኛል እኮ!» እያለች እንደ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሰች። ሽማግሌው መጋዛቸውን ረስተውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። መቁረጫውን እየዞረች፣ ሁሉንም ቀሚስ ባንድ ጊዜ እያየች ቆረጠች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰፋች። የአልጋ ልብሱም ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አለቀ። ከሰማያዊው ቀሚስ የተበላሸው ግን ተበላሽቷል፤ ልብሱ ካሰበችው አጠረ።

የሙሽራዋ ዕቃ ለዘመድ ሲታይ፣ የሙሽራውን ሱፍ የሰፋው ይርጋ እዚያ ነበር። ልብሱን አገላብጦ አየው። ዓይኑ ከስፌቱ ላይ አልነሣም አለ። መጨረሻ ላይ ግን ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ለካውና ራሱን ነቀነቀ።

«እጅ ያለበት ሥራ ነው። ግን አንድ ክንድ ያንሰዋል።»

የሻረግ አንገቷን እንደ ልማዷ ልትደፋ ጀመረችና ተወችው። በዚያች ትንሽ ድምጿ፣ ሁሉም እየሰማ፣

«በማን ክንድ፣ ጋሽ ይርጋ?» አለችው።

ቀድመው የሳቁት ከእንግዶቹ መሐል የተቀመጡት ጋሽ ላቀው ነበሩ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ በመጨረሻ ይርጋ ራሱ። እንደ እህቷ አጭር የሆነችው ስመኝ የአልጋ ልብሱን ከእጁ ወሰደችና ተከናነበችው። ሰባቱ ቀሚሶች ከአንገቷ እስከ እግር ጣቷ ሸፈኗት።

ብዙዎቻችን ሌላ ሰው በራሱ ክንድ ያስለካውን ኑሮ አይተን፣ ልክ እንደሱ ይሠራልን እንላለን። ሲመጣ አይመጥነንም። ያኔም ጠረጴዛውን ከማስቆረጥ ይልቅ ዱካ ላይ እንወጣለን። ከሌላው መማር መልካም ነው፤ የሻረግም ቆሞ ለሚሠራና ተቀምጦ ለሚሠራ ሥራ ሁለት ጠረጴዛ እንደሚያሻ የተማረችው ከይርጋ ነው። ልኩን ግን ከራሷ መውሰድ ነበረባት። የረዘመ እግር ይቆረጣል፤ ያለ ቦታው የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

እርስዎስ ዛሬ የቆሙት መሬት ላይ ነው ወይስ ዱካ ላይ? ዱካ ላይ ከሆነ፣ መቀሱ የማይተካው ጨርቅ ላይ ከማረፉ በፊት ይጠይቁ፦ ጠረጴዛዬ የተለካው በማን ክንድ ነው?