የደምለው እቅፍ

ደንገል በር በምትባለው የጣና ዳር መንደር የታንኳ ገመድ ዛሬም የሚለካው በእቅፍ ነው። እቅፍ ማለት ሰው ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣቱ ጫፍ እስከ ጣቱ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ መረቡም የውሃው ጥልቀትም በዚሁ ይነገራል። ገመዱ ተለክቶ ካለቀ በኋላ ግን የቤቱ ሴት መጥታ አንድ እቅፍ ትጨምርበታለች፤ ያለዚያ ታንኳው ከዳር አይነሳም።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ደምለው የሚባል ቁመተ ረጅም ቀዛፊ ነበረ፤ ሚስቱ አንጓች ደግሞ አጭር ናት። የሁለት ዓመት ልጃቸው ብርቄ ትኩሳት ይዟት ሰባት ቀን እህል አልቀምስ ስትል፣ ደምለው ደሴት ላይ ወዳለው ገዳም ጠበል ሊያደርሳት ተነሳ።

«ለድንጋዩ ስድስት እቅፍ ገመድ ቁረጭልኝ» አላት ልጅቱን እየጠቀለለ። ነፋስ ሲነሳ በዚያ ገመድ ድንጋዩን ውሃው ሥር ጥሎ ነው ታንኳውን የሚያቆመው።

«ስድስት ይበቃል?»

«ውሃውን በእጄ ለክቼው የለ? አንቺ ብቻ ስትቆርጪ እንዳታንቀላፊ።»

እሷም እንቅልፍ በዓይኗ ከዞረ ሰባት ቀኗ ነው፤ እጇን እየዘረጋች ስድስት ቆጠረችና ቆረጠች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። አንጓች ከዳር ሆና ስታይ ደምለው ድንጋዩን ጣለ፤ ታንኳው ግን አልቆም አለ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ይነዳል። አጠገቧ መረብ ይጠግኑ የነበሩት አያ ሙጬ ከቆረጠችው የተረፈውን ገመድ አነሱ።

«በማን እጅ ለካሽው፣ ልጄ?»

«በእኔ።»

የሷ አንድ እቅፍ ከደምለው እቅፍ በአንድ ስንዝር ያንሳል፤ በስድስቱ ስድስት ስንዝር ጎድሏል፤ ድንጋዩ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አንጓች ትራፊውን ነጥቃ እስከ ደረቷ ውሃ ገባች። «ይኸው እኮ፣ እዚህ ቀርቷል» ትለው ነበር ይባላል፣ እንደሚሰማት ሁሉ። ጎትተው ሲያወጧት ታንኳው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ነካ» አለች። «አያ፣ ነካለት።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ በረደና ሰዎች ቀዝፈው ደረሱ። ብርቄ ታንኳው ላይ እንደተጠቀለለች ታለቅሳለች። ደምለው ከታንኳው በታች ውሃው ውስጥ ነው፤ ገመዱን ከታንኳው ፈትቶ፣ በአንድ እጁ የገመዱን ጫፍ፣ በአንድ እጁ ታንኳውን ይዞ፣ የጎደለውን በገዛ እቅፉ ሞልቶታል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቋቸው፤ እስትንፋስ ግን አልነበረውም።

ብርቄ ዳነች። አንጓች ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ገመድ በተቆረጠ ቁጥር ሄዳ ሳትናገር እጇን ትዘረጋ ነበር፤ ማንም አልከለከላትም። ከሷ በኋላ ብርቄ፣ ከብርቄ በኋላ ሌሎቹ ሴቶች ያዙት አሉ።

ዛሬ ገመዱ ናይለን ነው፤ ሞተር ያለው ጀልባም አለ። ሴቲቱ እጇን ዘርግታ እስክትጨርስ ግን ወንዶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። የሰባት እቅፉን ገመድ ይዘው ሲወጡም ስንት ነው ቢሏቸው፣ «ስድስት» ነው የሚሉት።