በግራጫ የቀረችው መኪና

«ልጄ አሳቀችኝና ሳቅሁ። ወዲያው ሟች ሚስቴን የከዳኋት መሰለኝ። ጥፋት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እስቲ ቁጭ በል።

አንድ ሹፌር ነበረ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል። ማለዳ ይወጣል፣ ማምሻውን ሌላ ከተማ ይደርሳል፣ አልጋ ይዞ ያድርና በማግሥቱ ይመለሳል። ሚስት ነበረችው፤ አንዲት ሴት ልጅም ነበረቻቸው። ሚስቱ የምታማርር ሴት አልነበረችም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትለው ነበር። «ሁልጊዜ አንተ ትሄዳለህ፣ ቤቱ ይቀራል። አንድ ቀን እንኳ ቤቱም አብሮን ይሂድ።»

ሰውዬው በሥራው መስመር ላይ፣ አንድ ግቢ ጥግ የቆመች አሮጌ ኮምቢ መኪና አየ። አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሏት ሄዶ ነው። ውስጧ ቤት ነው። ከኋላ አልጋ አላት፤ ከጎን ትንሽ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ አላት። ጣሪያዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲለብስ። ዶሮዎች ገብተውባት ማጠቢያው ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ሚስቱን ወስዶ አሳያት። እሷ ዶሮዋን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ውጭ አወጣችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ቤቴ ገባሁ» አለች።

ገዟት። አስጎትተው ወደ ግቢያቸው አስገቧት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። አንዱ ጎረቤት ከፊት በኩል ሞተሯን ቢፈልግ አጣ።

«ጎበዝ፣ ተሸውደሃል! ይቺ እኮ ሞተር የላትም!»

«አላት። ከኋላ ነው ያለው» አለው ሹፌሩ።

«እንግዲያው ኋላ ቀር ናት በላ!»

ባልና ሚስት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠሩ ነበር፤ የዕረፍት ቀኑ ቅዳሜ ነውና። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አወረዱት። የበሯን ሥር ዝገት በልቶት ስለነበር ሰውዬው ቆርጦ ጣለው፤ በቦታው አዲስ ላሜራ አስበየደ። ሞተሯን አውርዶ በታተነው፤ አጠበው፤ ያለቀውን ቀየረና መልሶ ገጠመው። ሚስቱ ፍራሹን በአዲስ ጨርቅ አለበሰች፤ መጋረጃ ሰፋች። ልጅቱ ማጠቢያው ውስጥ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ታዛለች።

የተከራከሩት በቀለም ብቻ ነው። እሱ አቧራ የማያሳይ ነገር ፈለገ። እሷ ቢጫ አለች።

«ቢጫ? የዳቦ ማከፋፈያ ልታስመስያት ነው?»

«ዳቦ ሲመጣ ፊቱን የሚያዞር ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አቧራውስ?»

«አቧራውን አንተ ታጥባለህ። ሹፌር አይደለህ?»

ተሸነፈ። እየሳቀ ነው የተሸነፈው።

ከቀለም በፊት ፕራይመር የሚሉት ግራጫ ቀለም አለ። የተፋቀ ብረት እንዳይዝግ መጀመሪያ የሚያርፍበት እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ያንን ቀቡ፤ እሱ ላይ ላዩን፣ እሷ ታች ታቹን። ቢጫውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሩት። በመካከሉ ሚስቱ ታመመች። ሕመሟ አጭር ነበር። ቅዳሜው ሲደርስ እሷ የለችም።

ለለቅሶው ድንኳን ሊተከል ሲል ግቢው ጠበበ። ሰዎች መኪናዋን ገፍተው አጥሩ ጥግ አስጠጓት። ሐዘኑ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ መልሶ የሚገፋት ሰው አልነበረም።

ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሩን አስወለቀው። ልብሱን አወለቀ። መኪናዋን ግን ግራጫ እንደሆነች ተዋት። ሥራ አቁሞ አይደለም። ውስጧን አንድ በአንድ ጨረሰ። ሞተሯ ቁልፍ ሲዞር ይነሳል፤ ምድጃዋ ይበራል፤ መጋረጃው ተሰቅሏል። የቀረው ቀለም ብቻ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ብሎን ይፈታል፤ ያንኑ ብሎን መልሶ ያስራል፤ እጁን ታጥቦ ይገባል።

እንዲህ ያስብ ነበር። ቢጫው የደስታ ቀለም ነው፤ የመረጠችውም እሷ ናት። እሷ በሌለችበት ብቀባው፣ ያለእሷ ደስ አለኝ ማለት ነው። ግራጫው ግን እጇ ያረፈበት የመጨረሻው ነገር ነው። ብሸፍነው እጇን ሸፈንኩት ማለት ነው። ጎረቤቶቹም «መኪናዋም ሐዘን ላይ ናት» ይሉ ነበር። ይህን ሲሰማ አንድ ትክክለኛ ነገር እያደረገ ያለ ይመስለውና ልቡ ይረጋል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደርሶ መልስ የሆነ አጭር መስመር ጠይቆ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ልጁ ናርዶስ ደጅ ላይ ትጠብቀዋለች።

«አባዬ፣ በመኪናችን መቼ ነው የምንሄደው?»

«ቀለም ስትቀባ።»

«መቼ ነው የምትቀባው?»

እሱ የሥራ ኮፍያውን ሰቅሎ እጁን ሊታጠብ ይገባል።

አንድ ቀን ልጅቱ የሥራ ኮፍያውን አጥልቃ ከመኪናዋ መሪ ኋላ ቁጭ አለች። የአውቶቡሱን ረዳት ድምፅ አስመስላ መጮህ ጀመረች። «ሞልቷል፣ ሳበው! አባባ፣ እግርዎን ይሰብስቡ! አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮሽ ለብቻዋ ወንበር አልያዘችም፤ እቀፊያት!» ሰውዬው ሳቀ። ከሆዱ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ግራጫው ላይ አረፈና ሳቁን መሐል ላይ ቆረጠው፤ አፉን በእጁ ያዘ።

ልጅቱ አየችው። ጥፋት የሠራች መሰላት። ኮፍያውን አውልቃ ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታስቀውም። ስትናገር ድምፅዋን ትቀንሳለች፤ ስትሄድ በእግሯ ጣት ነው። ሲበዛ ጨዋ ልጅ ሆነች። ሰውዬው የሰውን ምስጋና እየሰማ «አደገችልኝ» ይል ነበር።

የልጅቱን ነገር ያስተዋሉት አማቱ ናቸው፤ የሟቿ እናት። የሚኖሩት ራቅ ያለ ከተማ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ሊጠይቋቸው መጡና ጥቂት ቀን ዝም ብለው አዩ። አንድ ማታ ልጅቱ ስትተኛ ሰውዬውን ጠሩት።

«ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት ነው እማማ።»

«እኔ ሰባ አልፌአለሁ። ከእኔ ይልቅ ቀስ ብላ የምትራመደው እሷ ናት። ምን ሆና ነው?»

«ጨዋ ሆና ነው።»

«ጨዋነት አይደለም። ለቀስተኛ ሆናለች። ቤትህ ገና ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ልጅ አያድግም። ይዣት እሄዳለሁ።»

ሰውዬው ሊከራከር ፈልጎ ተወው። እውነታቸውን ነበር። ሚስቱን አጥቷል፤ አሁን ልጁንም ሊያጣ ነው፤ ማንም ነጥቆት ሳይሆን፣ ልጅቱን የሚያኖርበት ቤት ስላጣ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። የልጅቱ ሻንጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አባቷ ጫማዋን ሊያስርላት ተንበረከከ፤ ያስራል፣ መልሶ ይፈታል። አማቱ ግቢው ውስጥ ቆመው ሲጠብቁ ደከማቸውና ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው ተደገፉ። ቀና ሲሉ ነጭ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ቡናማ ሆኗል።

«ወይኔ ጉዴ! ይሄ ምንድን ነው? ነጠላዬን ምን አስነካኸው?»

ሰውዬው ሮጦ መጣ። ነጠላውን አየ፤ መኪናዋን አየ። ግራጫውን በእጁ ቢያብሰው መዳፉ ቡናማ ሆነ።

«ዝገት ነው» አለ። ለራሱ ነው ያለው።

«ምን አልክ?»

«ዝገት ነው እማማ።»

«ይሄ ቀለም ከዝገት ይጠብቃታል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ይጠብቃታል። ግን ብቻውን አይደለም። ውሃ ይጠጣል ይሄ፤ ሲዳስሱት ሻካራ አይደል? የሚቆየው ቀለም እስኪደረብበት ነው። ካልተደረበበት ዝናቡን ይመጥና ብረቱ ላይ ያቆየዋል። ጊዜው ካለፈማ . . .»

ቡናማውን መዳፉን አየ።

«ጊዜው ካለፈ ምን?»

«ጊዜው ካለፈ፣ እሱ ራሱ ያስበላታል።»

«ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ነው ሁለት ክረምት በዝናብ ያቆምካት?»

«ሐዘን ላይ ናት ብዬ ነው» ሊል አሰበና አፈረ። እሳቸው ግን ሳይናገር ገባቸው።

«ስማኝ ልጄ። የወለድኳት እኔ ነኝ። እኔ ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ለብሻለሁ። የረሳኋት ይመስልሃል? አንተ ለቆርቆሮ ከል አልብሰህ እሷን የጠበቅሃት መሰለህ። እይ እስቲ፤ ይኸው የእኔንም ነጭ አበላሸህብኝ!» አሉት። ከዚያ እጃቸውን ወደ መኪናዋ ላኩና፣ ልጃቸው የቀባችውን የታችኛውን በኩል ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ታዲያ አሁን ይሄ ሁሉ ተፍቆ ሊጣል ነው? እሷ የቀባችው?»

«የለም እማማ፣ አይጣልም። የዛገው ቦታ ብቻ ነው የሚፋቀው። ሌላው እንዳለ ይቆያል። ቢጫው የሚይዘው በእሱ ላይ ነው። ባዶ ብረት ላይ ቢቀባ ዓመት ሳይሞላው ተላጦ ይወድቃል።»

ይህን ተናገረና የገዛ ቃሉን ሰማው። እጇን የሚሸፍነው ቀለም፣ እጇ ባይኖር የሚይዝበት የለውም።

የብርጭቆ ወረቀት አመጣ። ዝገቱ ብረቱን በስቶት ከሆነ መኪናዋ አበቃላት። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ይፈትግ ጀመር። ልጅቱ አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ ባዶውን ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቡናማው ዱቄት እየረገፈ ወረደ። ፈተገ፣ ነፋ አደረገው፣ ደግሞ ፈተገ። ከሥሩ ብረቱ ነጭ ሆኖ አበራ። በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጠንካራ ነው። ጎኗን ሞከረ፤ ጠንካራ ነው። ቀድሞ የተበየደውን የበሯን ሥር እየፈራ ሞከረ። እሱም ጠንካራ ነው።

«አላለፈም» አለ። «አላለፈም እማማ! ላይ ላዩን ነው! ደርሰንባታል!»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠና ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ደረቱ ውስጥ የቆየ ትንፋሽ ይመስል ነበር። ትከሻው ወረደ። አማቱ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ያን ጫማ አውልቂው። ይቺ መኪና ቀለም ሳትቀባ የትም አልሄድም።»

ሰውዬው ከሥራው ፈቃድ ወሰደና ሳምንቱን ሠሩ። የዛገውን እየፈተገ አጠራ፤ በተፈተገው ቦታ ግራጫውን ደገመበት፤ ሲደርቅ ቢጫውን ደረበ። አማቱ ቡናማ የሆነችውን ነጠላ ወገባቸው ላይ አስረው ዱካ ላይ ተቀምጠው ያሠሩታል። «እዚህ ጋ ዘለልህ! እዚያ ጋ ወረደብህ! ዓይን የለህም እንዴ አንተ ሰው? እንዴት ነው መንገድ የምታየው?» እያሉ። ልጅቱ ከእሳቸው ኋላ ተሸሽጋ ስታይ ስታይ ቆየችና አልቻለችም።

«አባዬ፣ አፍንጫህ! አፍንጫህ ቢጫ ሆኗል! ጫጩት መሰልክ!»

ሳቀ። በዚያ ሰዓት መኪናዋ ከፊቱ ናት፤ ግማሿ ቢጫ፣ ግማሿ ግራጫ። ግራጫውን አየው። እያየው ሳቀ። ሳቁ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ሳቀ፤ ልጅቱም ከተሸሸገችበት ወጥታ እየዘለለች በግቢው ዞረች፤ አማቱ ዱካቸውን እንዳትጥልባቸው ያዙት።

አማቱ ወደ ከተማቸው የተመለሱት በዚያችው መኪና ነው። ልጅቱን አልወሰዷትም፤ ሸኘቻቸው እንጂ። በመንገዳቸው ላንጋኖ ዳር አቁመው አደሩ። አሮጊቷ ልጃቸው ያለበሰችው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው «በስተርጅና ከነቤቱ የሚሸኘኝ አማች አገኘሁ» አሉ።

እንግዲህ አንተም እንዲሁ ነህ። ሚስትህ ስትሞት የለበስከው ሐዘን ተገቢ ነው። ያለእሱ ልብህ ባዶ ብረት ነበር፤ የሚመጣልህ ደስታ ሁሉ ተላጦ ይወድቅብህ ነበር። ነገር ግን ሐዘን ብቻውን ዝናብ እንዲችል አልተሠራም። ብቻውን ካቆየኸው፣ የጠበቀህ እሱ ዞሮ ይበላሃል፤ አንተን ብቻ ሳይሆን የተደገፈችብህንም ልጅ ያበላሻታል። ስትስቅ ሚስትህን የምትፍቃት መሰለህ። እኔ ግን እልሃለሁ፣ የፋቃት የለም። ከሥር ናት። ሳቁ የያዘልህ እሷ ከሥር ስላለች ነው።

አልከዳሃትም። ገና አልመሸም፤ ልጅህም አልተኛችም። ሂድና ድረስባት፤ ካሳቀችህም ሳቅህን ጨርሰው።